ቆጥ ላይ የቆመው ጠርሙስ

የፈረንሳይ ወይን እንዴት እንደሚቀመስ ከቦንጋ ልጆች ሁሉ በላይ አውቃለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ያየሁት ሁለት ጠርሙስ ብቻ ነው። አንደኛው ሲጠጣ ስምንት ዓመቴ ነበር፣ ሁለተኛው ሲከፈት አሥራ አምስት። አሁን አሥራ ስድስት ሞልቶኛል። ጽሑፍሽ ያምራል ተብዬ ጠዋት ሰልፍ ላይ ሁለት ጊዜ አንብቤያለሁ፣ ሁለቴም ተጨብጭቦልኛል፤ ስለዚህ ይህንንም እኔው እጽፈዋለሁ። ሌላ ሰው ከጻፈው በአባዬ ይስቅበታል።

አባዬ ማር ቀማሽ ነበር። ሰዉ ማር ነጋዴ ይለዋል እንጂ እንጀራችን የወጣው ከምላሱ ነው። በገበያ ቀን ገበሬዎች ከጫካ ቀፎ ያወረዱትን ማር ይዘው ግቢያችን ይመጣሉ። አባዬ በጣቱ ጫፍ ጠንቆል ያደርግና መዳፉ ላይ ያሳርፈዋል፤ መጀመሪያ ያሸተዋል፣ ቀጥሎ ይልሰዋል፣ ከዚያ ዝም ይላል። ያ ዝምታው! ገበሬው፣ እማዬ፣ የእማዬን ጠጅ ሊጠጡ የመጡት ሰዎች ሁሉ አፉን ያያሉ።

«የቡቶ ነው» ይላል በመጨረሻ። ቡቶ የእኛ ጫካ ትልቅ ዛፍ ነው፤ ከአበባው የሚሠራው ማር እንደ ቅቤ ይነጣል። «ግን ከሥሩ ግራዋ ይመራል። ቀፎህን ከወንዙ ማዶ ነው የሰቀልከው፣ አይደል?»

«ንቦቼን ተከትለህ ሄድክ እንዴ፣ ጋሼ?» ይላል ገበሬው እየሳቀ።

ስኳር ደባልቆ የመጣ እንደሆነ ግን አባዬ አይቆጣም። ማሩን ቀስ ብሎ ይመልስለትና «የዚህ ቀፎ ንቦች የሚውሉት ሱቅ ነው» ይለዋል። ሰውየው እቃውን ተሸክሞ እስኪወጣ ድረስ ግቢው በሳቅ ይሞላል። እማዬ ጠጅ የምትጥለው አባዬ ባሳለፈው ማር ብቻ ነበር። ሌሎቹ ጠጅ ቤቶችም «እሱ ቀምሶታል?» ሳይሉ አይገዙም።

ሙሴ የመጡት በሚሌኒየሙ ዓመት፣ ሚያዝያ ላይ ነው። ፈረንሳዊ ስለሆኑ ሰፈሩ ሁሉ ሙሴ አላቸው፣ እሳቸውም ወደዱት። ረጅም ሽማግሌ ናቸው፤ ጫማቸው ሁልጊዜ ጭቃ ነው። የጫካ ቡና ሊያጠኑ መጥተው አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ያስተረጉሙላቸው ነበር። እኚህ አስተማሪ ኋላ እኔንም አስተምረውኛልና ቲቸር እላቸዋለሁ። ጨዋታ ወዳድ ናቸው፤ ሰው ካልሳቀ ያወሩ አይመስላቸውም። አንድ ቀን ሙሴን ጠጅ ሊያቀምሱ ግቢያችን አመጧቸው፤ ሙሴ በዚያው የአባዬ ወዳጅ ሆነው ቀሩ። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። የአባዬ አማርኛ ራሱ የአገራችንን ቋንቋ፣ ካፊኖኖ ካፊኖኖ ይላል። ግን ሁለቱ አንድ ሳህን ማር መሀላቸው አድርገው ግማሽ ቀን ይቀመጣሉ። አንዱ ያሸታል፣ አንዱ ራሱን ይነቀንቃል። ቲቸር «እኔ ለምን መጣሁ?» ይላሉ።

አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ሙሴ ሁለት ጠርሙስ ወይን በሹራብ ጠቅልለው ይዘው መጡ። የተወለዱበት መንደር ወይን ነው አሉ። ጠርሙሶቹ ከእኔ በሦስት ዓመት ይበልጡ ነበር።

«አሥራ አንድ ዓመት?» አለች እማዬ። «ኧረ መምህር፣ ጠጅ እኮ እንኳን አሥራ አንድ ዓመት፣ አሥራ አንድ ወር ከቆየ ግድግዳ ይልጣል!»

ቲቸር ሲተረጉሙላቸው ሙሴ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ወይን ሁሉ አያረጅም፣ አብዛኛው በልጅነቱ መጠጣት አለበት አሉ። አንዳንዱ ግን ሲጠመቅ ኮስታራ ነው፣ ምላስ ይይዛል፤ ጨለማ ቤት ውስጥ ዝም ብሎ ሲተኛ ነው የሚለዝበው።

እማዬ ብርሌ አቀረበች፣ ሌላ ምን አለን? ሙሴ ብርሌውን ወደ ብርሃን አንስተው ጠባብ አንገቱን አዩና «ሽታውን አንገቱ ላይ ይሰበስበዋል» ብለው ተደሰቱ። ሊቀዱ ሲሉ እማዬ አስቆመቻቸው። በእኛ ቤት ቀጂው መጀመሪያ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ካልቀመሰ እንግዳ አይጠጣም። ሙሴ በእኛም አገር ጋባዡ ነው መጀመሪያ የሚቀምሰው አሉና መዳፋቸውን ዘረጉ። ትልቅ ሰው መዳፉን ሲልስ ሳይ እኔ በሳቅ ፈረስኩ።

ወይኑ መሀሉ ቀይ ነው፤ ጠርዙ ላይ ግን ወደ ጡብ ቀለም ይሄዳል። እርጅናው እዚያ ነው የሚታየው አሉ ሙሴ። አባዬ ብርሌውን አፍንጫው ሥር ይዞ በጣም ቆየ። ቀመሰ። ዝም አለ። እኔ እንኳ ልጅ ሆኜ ትንፋሼን ያዝኩ።

«ዝናብ ካባራ በኋላ ያለ ጫካ ነው» አለ። «ቡና ሥር የረገፈ ቅጠል፣ ከቅጠሉ ሥር እንጉዳይ። ከዚያ ወዲያ ንብ ጥሎት የሄደ አሮጌ ቀፎ። ማሩ የለም፣ ሽታው ግን አልወጣም።»

ቲቸር ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይቀልዱ ተረጎሙ። ሙሴ ከኪሳቸው ትንሽ ደብተር አውጥተው እያንዳንዱን ቃል ጻፉ። ጽፈው ሲጨርሱ የአባዬን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። እማዬ ለእኔም መዳፌ ላይ አንድ ጠብታ አደረገችልኝ፤ እንደ ጥሬ ሙዝ ልጣጭ ምላሴን አደረቀኝና ተፋሁት።

ሁለተኛውን ጠርሙስ ተዉልን። «ይህን ስመለስ አብረን እንከፍተዋለን። አጋድሙት፣ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይሁን። ቡሹ ወይኑን ካልነካ ይደርቅና አየር ያስገባል።» ቲቸር ይህን አንድም ሳያስቀሩ ተርጉመዋል። ሙሴ ራሳቸው ጎንበስ ብለው አልጋ ሥር አጋድመውት ሄዱ።

መኪናቸው እንደራቀ እማዬ አወጣችው። «ጠርሙስ ተጋድሞ የሚገኘው ሰካራም ቤት ነው። የጠጅ ቤት ባለቤት አልጋ ሥር ጠርሙስ ተጋድሞ ቢታይ ምን ሊባል ነው?»

አባዬም ከእሷ ጋር ሆነ። ከምድጃው በላይ ባለው ቆጥ ላይ ለመድኃኒት የሚያቆየው ማር አለው፤ ከእኔ ዕድሜ የሚበልጥ ማር፣ በቅል፣ ቀጥ ብሎ የቆመ። «ያረጀ ነገር ሙቀት ይወዳል» አለ። «ማሬ ይሄን ሁሉ ዓመት ቆሞ ምን ሆነ?» ጠርሙሱን ወስዶ ከማሩ ጎን አቆመው። ዕውቀቱን ሁሉ ተጠቅሞ፣ በክብር፣ ቤታችን ውስጥ ካለው ቦታ ሁሉ ይበልጣል ባለው ላይ።

ጭሱ ጠርሙሱን አጠቆረው። ወይኑም ሳይከፈት በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይጎድል ነበር። «አንተ ሰውዬ፣ በየት በኩል ነው የምትጠጣው?» ትለዋለች እማዬ። «ጭሱን ጠይቂው» ይላታል።

አሥራ አንድ ዓመቴ ላይ አባዬ ከዛፍ ወደቀ። ልውጣ ማለት አልነበረበትም፣ የሚወጡ ጎልማሶች ሞልተዋል። ግን አንድ ቀፎ ላይ ተከራክሮ በዓይኔ ካላየሁ ብሎ ወጣ፣ ገመዱ ከዳው፣ በማጅራቱ ወደቀ። ጅማ ሆስፒታል ሁለት ሳምንት ተኝቶ እየሳቀ ተመለሰ። ይበላል፣ ይራመዳል፣ ይቀልዳል። ተመስገን አልን።

ከወር በኋላ ከጓሮ፣ እንሰቱ ውስጥ ጠራኝ። ሳህን ላይ ማር ይዟል።

«ቅመሺ። ምንድነው?»

«የቡቶ።»

«ይሸትሻል?»

«እንዴ! አዎ።»

እንሰቱ ሥር ቁጭ አለ። «እኔን አይሸተኝም፣ ልጄ። ቡና ሲቆላም አይሸተኝ። ጣፋጭ መሆኑን አፌ ያውቃል፤ የምን ጣፋጭ እንደሆነ ግን አያውቅም። ጎምዛዛውም እንደዚያው ነው።» ከዚያ ቀና ብሎ «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ። «ገበያ ከሰማ ነገ ስኳር ነው የሚያመጡልን። የእናትሽ ጠጅ ይሞታል።»

እንዲህ ነው የአባዬ ምላስ የሆንኩት። ቀጂ መቅመሱ ደንብ ስለሆነ ማንም አልጠረጠረንም። ማሩ ሲመጣ እኔ መጀመሪያ መዳፌ ላይ አድርጌ እልሳለሁ። ንጹህ ከሆነ መዳፌን በቀሚሴ እጠርጋለሁ። ስኳር ካለበት ሳልጠርግ እጄን ወደ ኋላዬ አደርጋለሁ። አባዬ እንደ ድሮው ያሸታል፣ ይልሳል፣ ዝም ይላል። በዚያ ዝምታ ውስጥ የሚያየው እጄን ነበር፤ ዛፉን ከማሩ ቀለምና ከወሩ ይለየዋል። የዛፎቹን ሽታ ደግሞ በሳምንቱ መሀል እንሰቱ ሥር ያስጠናኛል። «ጥሩ ነው አትበይኝ። ጥሩ የሚባል ዛፍ የለም። ቃል ፈልጊለት» ይላል። አንድ ነገር ብቻ አስምሎኛል፤ እሱን ላስደስት ብዬ እንዳላሳምርለት።

እውነቱን ልናገር፣ በዚያ አራት ዓመት ደስ ይለኝ ነበር። አባቴ አፍንጫውን አጥቶ እኔ ደስ ይለኝ ነበር። ግቢው ሙሉ ሰው አፉን ሲያይ የሚያዩት እኔን እንደሆነ የማውቀው እኔ ነኝ።

አምና ግንቦት ላይ አንድ ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። ሙሴ ናቸው። ከዘራ ይዘዋል፣ ፀጉራቸው አልቋል። ቲቸር ተከትለዋቸዋል። ሙሴ ገና ከደጃፍ ጠርሙስ በእጃቸው እየሳሉ «አለ?» አሉ በአማርኛ።

እማዬ በጓዳ በር ሮጣ ጠርሙሱን ከቆጥ አወረደችና ጥላሸቱን በመቀነቷ ጠርጋ አልጋ ላይ እንደ ሕፃን አጋደመችው። አባዬ እኔን አየ። መቅዳት ያለብኝ እኔ ነኝ፣ መቅመስ ያለብኝ እኔ ነኝ፣ ይህን ሁለታችንም ሳንነጋገር አወቅን።

እኔ ግን የማውቅ ነኛ! ፊልም ላይ ወይን እግር ባለው ብርጭቆ ሲጠጣ አይቻለሁ። «በብርሌ አይሆንም!» አልኩ። «ከሆቴሉ ብርጭቆ ተውሼ ልምጣ።»

«ተዪው፣ ብርሌ ይበቃል» አለ አባዬ።

«አሁን መጣሁ!»

«እዚህ ሁኚ እኮ ነው የምልሽ» ሲል ሰምቼዋለሁ። ሰምቼ ሮጥኩ። ሆቴሉ በር ላይ ሁለት የክፍሌ ልጆች ነበሩ። አባቴ የፈረንሳይ ወይን ሊቀምስ ነው፣ ከፈረንሳይ ድረስ የመጡት እሱ እንዲቀምስላቸው ነው አልኳቸው። አንደኛዋ «ውሸትሽን ነው» አለችኝ። ከሙሴ ደብተር ጀምሬ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ቆሜ፣ በእጄ ጭምር እያሳየሁ። ከዚያ ነው ብርጭቆዎቹን አጥቤ፣ በፕላስቲክ ሳፋ ይዤ የተመለስኩት።

በሩ ላይ ስደርስ ሽታው ተቀበለኝ። የተረሳ የጠጅ ጋን ሲከፈት የሚመጣው ዓይነት ነው፣ አፍንጫ ይወጋል። ሙሴ ጠብቀውኝ ጠብቀውኝ ከፍተዋል። ቡሹ ደርቆ እጃቸው ላይ ተፈርፍሯል። ለሁሉም በብርሌ ተቀድቷል። ሙሴ እንደ ድሮው መዳፋቸው ላይ ቀምሰዋል፤ ቀድሞ የሚስቅ ሰው የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። አባዬ ብርሌውን አፍንጫው ሥር ይዟል።

«ብርጭቆዋ ከፈረንሳይ ነው እንዴ የምትመጣው?» አሉ ቲቸር።

አባዬ ቀመሰ። ዝም አለ። በብርሌው አንገት ላይ አሻግሮ እጄን አየ።

ሳፋውን መሬት አስቀመጥኩ። ብርጭቆዎቹ እርጥብ ነበሩ፣ እጄም እርጥብ ነበር። እርጥብ እጄን በቀሚሴ ጠረግኩት።

የአባዬ ትከሻ ሲላላ አየሁት። ያኔ ነው ምን እንዳደረግኩ የገባኝ። እጄን ወደ ኋላዬ ወረወርኩት፤ እሱ ግን ዓይኑን ጨፍኗል።

«ዝናብ ካባራ በኋላ ያለ ጫካ ነው» አለ። «ቡና ሥር የረገፈ ቅጠል፣ ከቅጠሉ ሥር እንጉዳይ። ንብ ጥሎት የሄደ አሮጌ ቀፎ። ማሩ የለም፣ ሽታው ግን አልወጣም።»

ቲቸር ብርሌያቸውን ጨልጠው አሳላቸው። «ኧረ ጋሼ! ይሄማ ኮምጣጤ ነው! ሰላጣ አምጡልኝ!» ብለው ሳቁ። ብቻቸውን ነው የሳቁት። ሳቃቸው መሀል ላይ አለቀ።

ሙሴ አባዬ ምን እንዳለ ጠየቁ። ቲቸር ወደ መሬት እያዩ ተረጎሙ። ሙሴ ያን ትንሽ ደብተር አወጡ፣ ወደ ኋላ ገለጡ፣ አንድ ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው አነበቡ። ከዚያ አባዬን አዩት፣ ረጅም ጊዜ። ወደ አዲስ ገጽ አልፈው ቲቸር የተረጎሙትን እንደገና ጻፉት፣ ያንኑ ቃል። ብርሌያቸውን አነሱና አንድ ጠብታ ሳያስቀሩ ጠጡት።

እማዬ የእሷን አልነካችም፣ አሽትታዋለች። ዓይኗ ከአባዬ ወደ እኔ መጣ፤ ከኋላዬ በደበቅኩት እጄ ላይ ቆመ።

እንግዶቹ እንደወጡ «ስንት ጊዜ ሆነህ?» አለችው።

«ከወደቅኩ ጀምሮ።»

«አራት ዓመት ሙሉ በልጄ ምላስ ነው ጠጅ የጣልኩት?» ድምፅዋ ወረደ። «ምነው ለእኔ እንኳ?»

«ምላሱን አይተሽ አይደል ያገባሽኝ» አለ አባዬ። ሊቀልድ ነበር። እማዬም ልትስቅ ጀምራ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ቲቸር ክፉ ሰው አይደሉም። የሚያስቅ ነገር አፋቸው ውስጥ አያድርም፣ ይኸው ነው። ቅዳሜ ገበያ ሲቆም አባዬ ኮምጣጤ ቀምሶ ጫካ ነው ማለቱን ቦንጋ ሁሉ ሰምቷል። ጠዋት የመጣው የመጀመሪያው ሰው ያ «ንቦቼን ተከትለህ ሄድክ እንዴ?» ይል የነበረው ገበሬ ነው። ማሩን አስቀመጠና እየሳቀ «እስቲ ጋሼ፣ ንቦቼ ዛሬ የት ዋሉ?» አለ።

ቀመስኩ። ስኳር ነው። እጄን ወደ ኋላዬ አደረግኩ።

«ሱቅ» አለ አባዬ።

«እሱን ማ ነገረህ? ልጅቷ!» ሰውየው ወደ ሰዉ ዞረ። «አያችሁ? እጇን ነው የሚያየው!»

ግቢው ሳቀ። አባዬ ማሩን መለሰለት፣ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ። ተነስቶ ወደ እንሰቱ ሄደ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በገበያ ቀን ግቢው ውስጥ ተቀምጦ አያውቅም። አሁን ማር የምትገዛው እማዬ ናት፤ እኔ እቀምስላታለሁ፣ በግልጽ። ሌሎቹ ጠጅ ቤቶች ከእኛ መግዛት ትተዋል።

ያን ቅዳሜ ማታ ልጠራው ስሄድ አባዬ እንሰቱ ሥር ነበር። የሙሴን ጠርሙስ ይዟል። ታች ላይ አተላው ቀርቷል።

«መዳፍሽን» አለኝ።

ጠብ አደረገልኝ። ቀመስኩ። እጄን አየ። በጥፋቴ ስንት ቀን አልቅሻለሁ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ይበለው አልኩና መዳፌን በቀሚሴ ጠረግኩ።

አባዬ ከእጄ ቀና ብሎ ፊቴን አየ። «አፍሽ ተጨማዷል» አለኝ። «እስከ ዛሬስ እንዲህ እያዘንሽልኝ ነበር የምትጠርጊው?»

«አልነበረም! እግዚአብሔርን አልነበረም፣ አባዬ!»

«እንግዲያው እውነቱን። ቃል ፈልጊለት።»

መዳፌን እንደገና ዘረጋሁ። «መጀመሪያ ኮምጣጤ ነው» አልኩ። «ጉሮሮ ይቆርጣል። ቀጥሎ ጭስ አለ፣ የእኛው ምድጃ ጭስ። አቧራ የበላ ዘቢብም አለ፣ ትንሽ።»

«ጫካውስ?»

«የለም።»

«አሮጌው ቀፎ?»

ደግሜ ቀመስኩ። እንዲኖር ፈልጌ ነበር፤ ዓይኔን ጨፍኜ እስከ ምላሴ ሥር ድረስ ፈለግኩት።

«የለም፣ አባዬ። ሽታውም ወጥቷል።»

ራሱን ነቀነቀ፣ ለገበሬዎቹ እንደሚያደርገው። የቀረውን አተላ እንሰቱ ሥር ደፋው። ጠርሙሱን እማዬ አጥባ አልጋ ሥር አስቀምጣዋለች፣ አጋድማ።

ይህን ጽፌ ስጨርስ ለአባዬ አነበብኩለት። ዛፉ ጋ ስደርስ ሳቀ፣ ቲቸር ጋ ስደርስም ሳቀ። ስጨርስ ግን ዝም አለ። ያን ዝምታ አውቀዋለሁና ጠበቅኩት።

«የለም ያልሽበትን ድገሚው» አለኝ።

ደገምኩለት።